በጀልዴሳ ቆላ የሚፈተን መነጽር፦ ስለ አደን ጠመንጃ ማነጣጠሪያ አመራረጥ

ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር



ስለ አደን መሣሪያ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር በመጀመሪያ የሚወሳው የጠመንጃው ዓይነትና የጥይቱ ጉልበት ነው። መነጽሩ የሚታወሰው ኋላ ነው። ሲታወስም «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የሚያቀርበው እየበዛ በሄደ መጠን የተሻለ ይመስላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወደዳል። በሙያው የኖሩ ሰዎች ግን የሚጠይቁት ሌላ ነው። ትናንት ማታ በሰፈር ከዒላማ ወረቀት ጋር የተስማማው መነጽር፣ በማግሥቱ ጧት በመኪና ሲንገጫገጭ አርፍዶ፣ ከግንድ ጋር ተጋጭቶ፣ በፀሐይ ግሎ፣ ያንኑ ነጥብ ያሳያልን? ይህን ጥያቄ በአዎንታ የማይመልስ መነጽር፣ 12 እጥፍም ያቅርብ 20፣ ለአዳኙ ጌጥ ነው እንጂ መሣሪያ አይሆነውም።

ጥያቄውን በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ መመለስ አይቻልምና መነጽሩን በሐሳብ ወደ ጀልዴሳ ይዞ መውረድ ይጠቅማል።

ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ክልል ውስጥ፣ ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ የቆላ ስፍራ ናት። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ግን ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር ለሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ዋና ማረፊያና የቀረጥ መቀበያ ነበረች። ከባሕሩ ጠረፍ ጭኖ የመጣው ግመል በዚያ ይራገፋል፤ ጭነቱም ዳገቱን መውጣት ወደሚችሉት አህዮችና በቅሎዎች ይዛወራል። በ1897 (እ.ኤ.አ.) ወደ ዐፄ ምኒልክ የተላከው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሬኔል ሮድና ጓዶቹ ከዘይላ ተነሥተው ወደ ሐረር ሲወጡ ያለፉት በዚሁ መንገድ ነበር። በ1902 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ ጣቢያው ዞረ፤ ጀልዴሳም የግመልና የፍየል እረኞች አገር ሆና ቀረች።

ያ መንገድ የጠመንጃም መንገድ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከጠረፉ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ከወጡት ዕቃዎች አንዱ መሣሪያ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ወደ አገር የገቡትን እንደ ውጅግራና ለበን ያሉትን ጠመንጃዎች ያየ ሰው፣ የኋላ ማነጣጠሪያቸው እንደ መሰላል ተነሥቶ የሚቆም፣ ከ1,000 ሜትር በላይ የተቆጠረበት መሆኑን ያስታውሳል። ይህ ቁጥር የተጻፈው ለአዳኝ አልነበረም። በሩቅ በተሰለፈ ጭፍራ ላይ ብዙ ወታደር በአንድነት እንዲተኩስበት ነው። አንድ ሰው በባዶ ዓይኑ በ1,000 ሜትር ርቀት የቆመን አጋዘን ከጉቶ ለይቶ ማየት እንኳ ያስቸግረዋል። የዱሮው አዳኝ ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ መሰላሉን አጥፎ፣ ነፋሱን ለክቶ፣ በደረቱ እየተሳበ ይጠጋ ነበር። ዛሬ በመነጽሩ ላይ የሚሽከረከረው የማስተካከያ ቁልፍ የዚያ መሰላል የልጅ ልጅ ነው። ቁጥሩ ረዥም ነው፤ የሚተኩሰው ሰው ዓይንና ክንድ ግን ያው የዱሮው ነው።

ጀልዴሳ እዚህ የተነሣችው ለመሬቷ ጠባይ ነው እንጂ አደን የሚፈቀድባት ስፍራ ናት ለማለት አይደለም። የት፣ ምን ዓይነት እንስሳ፣ በምን ያህል ቁጥር ሊታደን እንደሚችል የሚወሰነው በሕግ መሠረት ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚደረግ አደን የዚህ ንግግር ጉዳይ አይደለም። ዳሩ ግን ከድሬዳዋ በታች አንሥቶ እስከ አዋሽ ሸለቆ የተዘረጋው ቆላ አንድ ዓይነት ጠባይ አለው። ግራርና ቁጥቋጦ ይበዛበታል፤ ደረቅ አሸዋማ ወንዝ ይሰነጥቀዋል፤ ድንጋዩ ከረፋድ ጀምሮ ይግላል። አምባራይሌው፣ ሳላው፣ ከርከሮውና እንሹው የሚንቀሳቀሱት ጧትና ማታ ነው። በእሾሁ መካከል የሚታየው ርቀት ብዙ ጊዜ ከ150 ሜትር አይዘልም።

እንግዲህ በዚህ መሬት ላይ ብዙ የሚያቀርብ መነጽር ምን ያደርጋል? ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ከመሬት የሚነሣው ትኩስ አየር እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። መነጽሩ እንስሳውን ሲያጎላ ይህንንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። የተኳሹንም የልብ ትርታና የክንድ መንቀጥቀጥ እንዲሁ። ከዚህም ሌላ 4 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር በ100 ሜትር ላይ 10 ሜትር ያህል ስፋት ሲያሳይ፣ 12 እጥፍ የሚያቀርበው የሚያሳየው 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ የሚሻገረውን አምባራይሌ በ3 ሜትር ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ነው። ስለዚህ ለቆላው አደን 4 እጥፍ የሆነ ቋሚ መነጽር፣ ወይም ከ1.5 እስከ 6 ድረስ የሚለዋወጥ፣ ከበቂ በላይ ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ለሚከታተል ሰው ከ3 እስከ 9 የሚለዋወጠው ይመቻል። ከዚያ በላይ ያለው ለዒላማ ሜዳ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ብርሃንም የተሳሳተ ግምት አለ። የፊት ሌንሱ 56 ሚሊ ሜትር የሆነ ከባድ መነጽር በመካከለኛው አውሮፓ ተወዳጅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር በበጋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ 40 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ የዱር አሳማም በጨረቃ ብርሃን ይጠበቃል። በጀልዴሳ ግን ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨልማል፤ ከዚያም በኋላ አደኑ አብቅቷል። ስሌቱ ቀላል ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት በማቅረቢያው ቁጥር ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ይገኛል፤ 42 ለ6 ሲካፈል 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ የሚከፈተው እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዕድሜው 50 የደረሰ ሰው ግን 5 ያህል ቢከፈትለት ነው። ከዚያ የተረፈው ብርሃን በጉንጩ ላይ ይፈስሳል እንጂ አይጠቅመውም።

ከሌንሱ ስፋት ይልቅ የሌንሱ ቅብ ይበልጣል። ያልተቀባ መስተዋት በእያንዳንዱ ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 4 ያህሉን መልሶ ይወረውራል። 10 ገጽ ባለው መነጽር ውስጥ ከሦስት እጅ ብርሃን አንዱ እጅ በመንገድ ይቀራል ማለት ነው፤ ያውም የቀረው ብርሃን በቱቦው ውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ያደበዝዘዋል። በ1935 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር በዛይስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ይህን የሚቀንስ ቅብ አገኘ፤ በዛሬዎቹ ጥሩ መነጽሮች በብዙ ንብርብር የተቀባው መስተዋት በአንድ ገጽ የሚያጠፋው ከመቶ ከግማሽ ያነሰ ነው። ገዢው ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ፀሐይ ዝቅ ባለች ጊዜ መነጽሩን ከፀሐዩ አጠገብ ወዳለው ጥላ ማዞር ነው፤ በጥላው ውስጥ ያለው ቅጠል ተለይቶ ከታየ ቅቡ ደህና ነው፤ ነጭ ጉም ከሸፈነው ግን መነጽሩን ወደ ሳጥኑ መመለስ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ለመድረስ፦ መነጽር ከጠመንጃው ጋር የሚያያዘው በሁለት ቀለበትና በመሠረታቸው ነው። በቀለበቶቹ መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ በጸጉር ውፍረት፣ ይኸውም በአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል፣ ከቦታው ቢንሸራተት ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በ200 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ስቶ ያርፋል። 20 ሴንቲ ሜትር አንድ ስንዝር ነው። የአምባራይሌ ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ደግሞ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። በሌላ አነጋገር ዓይን የማያየው የጸጉር ያህል መንቀሳቀስ እንስሳውን በቅጽበት ከመግደል ይልቅ ሆዱን ቀዶ ወደ እሾህ ውስጥ እንዲገባ ያደርገዋል። በሆዱ የተመታ እንስሳ ደሙ ብዙ አይፈስስም፤ በድንጋያማው ቆላ ላይ ዱካው ይጠፋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ የሚያገኙት አሞራዎች ናቸው። በብዙ የአፍሪቃ አገሮች የቆሰለ እንስሳ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ዋጋው ይከፈልበታል። ነገር ግን ክፍያው ለመንጋው የሚተካለት ነገር የለም።

በዚህ ምክንያት ገንዘብ ለማዳን የሚፈልግ ሰው ከመነጽሩ የማቅረብ ኃይል ላይ ይቀንስ እንጂ ከማሰሪያው ላይ አይቀንስ። የብረት ቀለበት ከቀላል ቅይጥ ከተሠራው ይሻላል። ብሎኖቹ ከመታሰራቸው በፊት የፋብሪካው ዘይት በቤንዚን ይጠረጋል፤ ከዚያም አምራቹ በወሰነው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይጠብቃሉ። ከልክ በላይ ማጥበቅም ቱቦውን ያጣምማልና ጉልበት መመኪያ አይሆንም። በእያንዳንዱ ብሎን ራስና በቀለበቱ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ማስመር የቆየ ግን የማይናቅ ዘዴ ነው፤ መስመሩ ከተለያየ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

የውስጡ አሠራርስ በምን ይታወቃል? በአብዛኛው የማስተካከያው ቁልፍ አንድ ጠቅታ በ100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ በሌሎቹ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር። ቁልፉ 20 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ ሲዞር የመስቀሉ መስመር በትክክል ወደ ተነሣበት ነጥብ መመለስ አለበት። ብዙ ሰው ይህን በጥይት ይፈትነዋል። ጥይት ውድና በቁጥር የሚሰጥ በሆነበት አገር ግን ሌላ መንገድ አለ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በአሸዋ ከረጢት መካከል እንዳይነቃነቅ ይጋደማል፤ በ100 ሜትር ላይ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ትልቅ ወረቀት ይተከላል፤ ከዚያም ጠመንጃው ሳይነካ ቁልፉ ብቻ እየዞረ የመስቀሉ ጉዞ በመስመሮቹ ላይ ይነበባል። አንዲት ጥይት ሳትባክን የመነጽሩ እውነተኛነት ይገለጣል። በዚህ ፈተና የወደቀ መነጽር፣ የአምራቹ ስም የቱንም ያህል የገነነ ቢሆን፣ ለአደን አይወጣም።

ከቆላ ወደ ደጋ የሚደረገው ጉዞ ሌላ ፈተና ነው። ከጀልዴሳ ሙቀት ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የባሌ ጉም የወጣ መነጽር፣ በቱቦው ውስጥ እርጥበት ያዘለ አየር ካለ ከውስጥ በኩል ላብ ያልበዋል፤ ይህንንም ከውጭ መጥረግ አይቻልም። ስለዚህ አየሩ ወጥቶ በናይትሮጂን የተሞላና በጎማ ቀለበት የታሸገ መነጽር መግዛት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በደጋው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይመታል ተብሎ ብዙ ይነገራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በ200 ሜትር ርቀት ልዩነቱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የመኪናው መንገጫገጭ የሚያመጣው ጣጣ ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። ከአየሩ መሳሳት ይልቅ በተራራ ላይ ሰውን የሚያሳስተው ቁልቁለቱ ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ 300 ሜትር ተብሎ የተለካ ርቀት ለጥይቱ እንደ 260 ሜትር ይቆጠራል፤ ይህን ያልተገነዘበ ተኳሽ በእንስሳው ጀርባ ላይ ያሳልፋል።

አቧራ በቆላው የመነጽር ዋና ጠላት ነው። አቧራ የያዘ ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ ሲታሽ ቅቡ ይጫራል። መጀመሪያ በአየር መንፋት፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ በመጨረሻ ብቻ በንጹሕ የሌንስ ጨርቅ ማበስ ይገባል።

ስለ ሌሎቹ ማነጣጠሪያዎች በአጭሩ፦ የብረቱ ማነጣጠሪያ ከጠመንጃው ላይ መነሣት የለበትም። መነጽሩ ቢሰበር አደኑን የሚያስቀጥለው፣ በጎሽም ፊት ነፍስ የሚያድነው እርሱ ነው። በባትሪ የሚሠራውን ቀይ ነጥብ የስዊድኑ ኤምፖይንት በ1975 (እ.ኤ.አ.) ካወጣው ወዲህ በቅርብ ርቀት ለሚሮጥ ከርከሮ ተስማሚ መሆኑ ታይቷል፤ የዓይኑ ገጽ ክብነት የጎደለው ሰው ግን ነጥቡን እንደ ተበተነ ኮከብ ስለሚያየው ከመግዛቱ በፊት በራሱ ዓይን ይፈትነው። በሌዘር ርቀት የሚለካው መሣሪያ በሜዳ ላይ ታማኝ ነው፤ በጀልዴሳ ዓይነት እሾህ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው ከፊት ያለውን ቅርንጫፍ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ለክቶ ረዥሙን ቁጥር ማመን ይሻላል። በሙቀት የሚያይ የሌሊት መነጽር የእንስሳት ቆጣሪና የጥበቃ ሠራተኛ መሣሪያ ነው፤ በአዳኝ እጅ ሲገባ ለእንስሳው የሚተወው ዕድል የለም።

ጠንካራ የሚረግጥ ጠመንጃ፣ ለምሳሌ ሦስት መቶ ሰባ አምስት የሚባለው፣ የያዘ ሰው ዓይኑ ከመነጽሩ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሙሉውን ምስል የሚያይበትን ይምረጥ። ይህን የዘነጋ ሰው ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ ይዞ ይመለሳል፤ ባልንጀሮቹም ለረዥም ጊዜ አይረሱለትም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከተኩሱ ጋር የተያያዘ ነው። ዳሩ ግን በአደን ሥራ ከጠመንጃው መነጽር የሚቀድም ሌላ መነጽር አለ፤ እርሱም በአንገት የሚንጠለጠለው ባይኖክላር ነው። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ሰው ጥሩውን ለባይኖክላሩ፣ ቀላሉን ለጠመንጃው ቢያደርግ አይጸጸትም። ምክንያቱም የሚተኮሰው እንስሳ የቱ እንደ ሆነ የሚታወቀው በባይኖክላር ነው። አምባራይሌና የደጋ አጋዘን አያስቸግሩም፤ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነውና። ሳላ ግን ወንዱም ሴቷም ቀንዳም ናቸው። እንዲያውም የሴቷ ቀንድ ብዙ ጊዜ ከወንዱ ይረዝማል፤ የሚቀጥነው ብቻ ነው። «ረዥም ቀንድ አየሁ» ብሎ የሚቸኩል አዳኝ የሚጥለው እናቲቱን ነው። የቀንዱን ሥር ውፍረት፣ የአንገቱን ድልድል፣ በስተ ኋላዋ የምትከተል ጥጃ መኖር አለመኖሯን ለማየት 5 ደቂቃ በዝግታ መመልከት ያስፈልጋል። ለዚህም በሙቀቱ መንቀጥቀጥ ምክንያት 8 እጥፍ የሚያቀርበው ከ10 እጥፉ ይልቅ ለቆላ ይመረጣል።

በጠመንጃው መነጽር እንደ ባይኖክላር መመልከት ደግሞ ፈጽሞ መከልከል ያለበት ልማድ ነው። በመነጽሩ የሚታይ ነገር ሁሉ በአፈሙዙ ፊት ያለ ነገር ነው። የጀልዴሳ ዙሪያ ባዶ ምድረ በዳ አይደለም። የኢሳና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ግመልና ፍየል ይዘው ውኃ ወዳለበት ይዘዋወሩበታል፤ ብዙ ጊዜም መንጋውን የሚከተል ልጅ ነው። ከግራሩ ሥር የሚንቀሳቀሰው ቡናማ ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ጠመንጃ ያነሣ ሰው፣ እረኛውን በመስቀሉ መካከል ካገኘው በኋላ «አልተኮስኩም» ቢል የሚበቃ መልስ አይደለም። ጥይቱ እንስሳውን አልፎ የሚያርፍበት ስፍራም እንዲሁ አስቀድሞ በባይኖክላር መታየት አለበት። ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለው ጥይት በ200 ሜትር የተስማማ ቢሆን በ300 ሜትር ሩብ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ጉልበቱ ግን በዚያ አያበቃም። ሰው የሚገድልበት ርቀት በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው። ከጀርባው አፈር ወይም ኮረብታ የሌለው እንስሳ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቀንድ ቢኖረው፣ አይተኮስበትም።

እንግዳ አዳኝ ሰፈር በደረሰ ቀን የመጀመሪያው ሰዓት ለዚሁ ሥራ መዋል ይገባዋል። ድካሙ ይወጣለት፤ ሻይ ይጠጣ፤ ከዚያም ወረቀቱ ከአፈር ግድግዳ ፊት በ100 ሜትር ላይ ይተከል፤ ሦስት ጥይት ይተኩስ። አደን በሚወጣበት ጥይት ይሁን እንጂ በሌላ ርካሽ ጥይት አይሁን፤ ሁለት ዓይነት ጥይት አንድ ስፍራ አይመታምና። የአደኑ መሪ ቀኑን፣ የጥይቱን ዓይነትና ክብደት፣ ርቀቱን፣ ቁልፉ የቆመበትን ቁጥር በማስታወሻ ደብተሩ ይመዝግብ፤ የብሎኖቹንም መስመር ይመልከት። ጠመንጃው በወደቀ፣ መኪናው ክፉ መንገድ ባለፈ፣ ወይም የቀለሙ መስመር በተለያየ ቁጥር ጠመንጃው ወደ ወረቀቱ ይመለሳል፤ ፀሐይ እየጠለቀች፣ እንግዳውም ሰዓቱን እያየ ቢሆን እንኳ።